ዝርዝር

ደሴ ላይ ጦሳ ጉሙን እንደለበሰ፣
ሦስት ዓመት ያቆምኩት ክሴ ፈረሰ።
"ከሳሽ አላስረዳም፤ መዝገቡ ይዘጋ፣
ተከሳሽ ያቅርብ የደከመበትን ዋጋ።"

ጎበዜ ይማም፣ በቦይ የሚዋሰነኝ፣
በሁለት ገጽ ዝርዝር ዕዳ አስታቀፈኝ፦
ለቴምብር፣ ለኮፒ፣ ለጠበቃው አበል፣
ሳይታጨድ ለቀረ ጤፉ ጭምር ክፈል፤
ለምስክሮች ምሳ፣ "ጥብስ ነው" ይላል፤
ሽሮ ሲጠርጉ አይቻለሁ። ይሁን፤ ይከፈላል።
የተረታ ይክፈል፤ ሕጉን አልነቅፈውም፣
ብረታው ኖሮማ ሳንቲም አልምረውም።

ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ግን ጣቴ ቆመች፤
"መሳፈሪያ፣ ሐምሌ ሰባት" የምትለው ነች።
ከሐይቅ ስንነሳ ዝናቡ በርትቶ፣
ጎን ለጎን ተጣበቅን ሌላ ቦታ ጠፍቶ፤
እሱ ድፍን ሁለት መቶ ይዞ፣ ዝርዝር አጥቶ፣
ረዳቱ ቢጮህበት አንገቱን ደፍቶ፣
"የሁለት ሰው ውሰድ" ብዬ ሰጠሁ እኔ፤
ጠባችን ችሎት በር ቆሞ ጠበቀን ያኔ።

ሌላውን በሬዬን ሸጬም እከፍላለሁ፤
ይህችን ግን፣ ክቡር ዳኛ፣ እቃወማለሁ፦
ሲወርድ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎኛል።
ተከፍሏል።