ቋጠሮ

ደሴ ጭጋግ ለብሳ፣ መብራት ሳይጠፋብኝ፣
የፕሮቲኑ ምስል ከስክሪኑ ቀረበኝ፤
ከጨዋማ ጠብታ በረድ ሆኖ ረግቶ፣
በጨረር ተመቶ ምስጢሩን አውጥቶ።

ስሙ ፊደል፣ ቁጥር፤ ሥራው ግን የይመር፣
የአባቴ፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሲያድር።
ማሽኑን “ቁም!” ይላል አንድ ክር ሲበጠስ፤
ሳይቋጥር አይለቅም፣ አለቃው ቢወቅስ።
ይህም፣ ሕዋስ ሁለት ሊሆን ሲጣደፍ፣
ድር ተበጥሶ ካየ ይቆማል በደጃፍ።
አንድ እጥፋት ከሳተ ግን በሩ ክፍት ይቀራል፤
ብጥስጣሹን ይዞ ማሽኑ ይበራል።

አባ፣ ይቺ እጥፋት፣ ጣቴ ያረፈባት፣
ሳንባህ ውስጥ ይሆን ወይ ቋጠሮ የጠፋባት?

መብራት ጠፋ።
ጣቴ ግን እዚያው ቀረ፤
የክሩን ጫፍ ሲዳብስ በጨለማው አደረ።