ሰባተኛው ሕግ

ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ ከኦንታሪዮ ሰሜን ጫፍ፣
ሐይቁ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር፣ ዓሣ በላዩ ጣራ ሲያተርፍ፣
ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አራት አምፖል ይበራል፤
ከሳንት-ኦርሱል ያልተኛ ሁሉ መጥረጊያ ይዞ ይመጣል።
መጥረጊያው ግን አይጠርግም፤ ኳስ መምቻ ነው፣ እንደ ዱላ፣
ጫፉ ጠንካራ፣ እጀታው ረጅም፣ የሚያውቀው የለም ሌላ ሥራ።

እኔ ዳኛ ነኝ። ፊሽካዬ ከብርዱ ጋር ተማክሮ
ከንፈሬ ላይ ይጣበቃል፣ እንደ አበዳሪ አምርሮ።
ከመልበሻው ቤት ግድግዳ፣ ከቆርቆሮው ምድጃ አጠገብ፣
በእርሳስ የተጻፈ ሕግ አለ፤ መጫወት የፈለገ ያንብብ።

አንድ፦ የሸርተቴ ጫማ የለም፤ በላስቲክ ሶል ቁም፤
የወደቀ ራሱ ይነሣ፣ በረዶውን መርገም አይረዳውም።
ሁለት፦ የራስ ቁር ግዴታ ነው። «ጭንቅላቴ ጠንካራ ነው» ያለ
ጋየታን፣ ያምና አንድ ጥርሱ እስካሁን ከሐይቁ ሥር አለ።
ሦስት፦ መጥረጊያህ ከትከሻህ በላይ ከፍ ካለ ትወጣለህ፤
ሁለት ደቂቃ፣ እጅህን አጣጥፈህ፣ በረዶ ክምር ላይ ትቀመጣለህ።
አራት፦ መግፋት፣ መጥለፍ፣ ተንሸራቶ እግር ማጨድ ክልክል ነው፤
ባልና ሚስት ብትሆኑም፣ ቂም ቤታችሁ ነው የሚወጣው።
አምስት፦ በአንድ ወገን ስድስት ሰው፤ ሦስቱ ሴት፣ ሦስቱ ወንድ፤
አንዷ ብትቀር በወንድ አትተካም፤ ይጉደል ቡድኑ በአንድ።
ስድስት፦ ቢራ ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ።
(ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ፦ «ለፊሌሞን ግን ፈልጉ መላ።»)

ሰባት፦ ሴት ያገባችው ጎል ሁለት ተብሎ ይቆጠር።

ይህችን የጻፈ ፊሌሞን ነው፤ ያኔ ሴት ለምኖ ሲያመጣ፣
ሰፈሩ «ወንዶቹ ሊጠርጉ ወጡ» ብሎ በሣቅ ሲንጣጣ።
በደግ ልብ ነበር፤ እንደ ወንበር መልቀቅ፣ እንደ በር መያዝ፤
ሠላሳ ክረምት ማንም አልጠየቀ፣ ደግነትም እንዳለው መዘዝ።

የየካቲት መጨረሻ ማክሰኞ። ሦስት ለሁለት።
የጋየታን ቡድን ይመራል፤ አርባ ሰከንድ ቀርቶት።
ኦዲል፣ ፖስታ አዳይዋ፣ በቀኝ ጥጉ እየሮጠች፣
(ሩጫም አይባል፤ እንደ ዳክዬ እየረገጠች)
ኳሷን ከማርጎ ተቀበለች። አንዱ ወደቀ። ሁለት ወደቁ።
በረኛው በሆዱ ተንሸራተተ፣ እጆቹ ከመረቡ ራቁ።
መታች።
ብርቱካናማዋ ኳስ ገባች።

«አራት ለሦስት!» ብሎ ቡድኗ ተቃቅፎ እንደ ክምር ሲናድ፣
እሷ ቁሯን አውልቃ መጣች፣ ወደኔ፣ በቀጥታው መንገድ።
«ስንት ኳስ ገባ?» አለችኝ።
«አንድ።»
«ታዲያ?»
«ሕጉ…»
«ሕጉ እንኳን ይቆይ። እኔ ስንት ነኝ?»
«ዋንጫ እኮ ነው፣ አብደሻል?» ስትል ማርጎ ከኋላ ጮኸች።
ፊሽካዬ ከንፈሬን ይዟል፤
በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለያዘኝ ደስ አለኝ።

ግን ዳኛ ነኝ። ግድግዳው ያለውን ጻፍኩ፤ አራት ለሦስት።
ኦዲል አሸነፈች፤ ስትሄድ ግን እንደ ተሸናፊ ነበረች፣
ዋንጫውን ማርጎ ተሸከመች፣ እሷ መጥረጊያዋን ጎተተች።

በሳምንቱ ቀድሜ ደረስኩ፣ ምድጃውን ላቀጣጥል።
ፊሌሞን ከኔም ቀድሞ ተቀምጧል፣ ጉልበቱን እሳት ሊያስመታ ይመስል።
ከስድስተኛው ሥር ጣውላው ነጥቷል፤ እርሳሱ በምራቅ ታሽቶ
ጠፍቷል፤ የአንድ ፊደል ጅራት ብቻ ቀርቷል፣ ተረስቶ።
የሽማግሌው አውራ ጣት ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል።
ምንም አልጠየቅሁት። እሱ ግን፣ እሳቱን እያየ፦
«ለኔ የተጻፈችውን የነካ፣» አለ፣ «ወዮለት።»

ኦዲል ገባች። የፖስታ ቦርሳዋን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች።
ግድግዳውን ቆማ አነበበች፣ እስከ ነጣው ድረስ።
አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።
ተቀምጣ ጫማዋን አሰረች፤
ፈትታ፣ ጠበቅ አድርጋ፣ እንደገና አሰረች።