የፈረስ ቆጠራ

ደብረ ብርሃን መውጫ፣ ካስፋልቱ ዳር፣
ብርዱ ጣትን ከመፍቻ ሲያስተሳስር፣
የጋሽ ጌጤነህ ጋራዥ መብራት ያዥ ሳለሁ፣
ሁለቱን ካማሮ ሲፈታ አይቻለሁ።

ባለቤቱ አንድ ነው፦ አቶ ወንድያለው፣
የሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ፣ ኪሱ የማይጎድለው።
አንደኛዋን ገዛ፣ ቀይ፣ የሰባ ሞዴል፣
ስትነሣ ድምጿ ገደል የሚፈነቅል።
ዓመት ሲጨምር ጉልበትም የሚጨምር መስሎት፣
የሰባ ሁለቷን ደገመ፣ ሰማያዊ፣ በብድርና በስለት።

ወር ሳይሞላው መጣ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣
መጽሐፏን በብብቱ፣ ቁልፏን ወርውሮ፦
«ቀይዋ ሦስት መቶ ስልሳ ፈረስ አለኝ ትላለች፤
ይቺ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፤ ታናሽ ሆና ደክማለች።
መቶ አምስቱ ፈረስ የት ገባ? ማን ነዳው?
ወይ አሰብ ወደብ ቀረ፣ ወይ ባንተ ነው ዕዳው!»

ጋሽ ጌጤነህ ዝም አለ። ብሎን ነው ቋንቋው።
የሁለቱንም ቴስታታ አወረደና፣ ጠርጎ ዘረጋው።
«መብራቱን አስጠጋ።» አስጠጋሁ፤ አየነው፤
የቀይዋ ፒስተን ራሱ እንደ ጉልላት ጉብ ያለ ነው፤
ሽቅብ ሲወጣ ቤንዚንና አየሩን
ባሥራ አንድ እጥፍ ያፍነዋል፣ ያጠበዋል ቤቱን።
የሰማያዊዋ ግን ዝርግ ነው፣ እንደ ገበታ፣
ዘጠኝ እጥፍ ብቻ፤ ከዚያ ይተዋል በይሉኝታ።

«ያው ሞተር ነው» አለ፣ «ያው ስምንት ሲሊንደር፤
የተለወጠው እስትንፋሷን የምትይዝበት ድንበር።
እዚያ አገራቸው ከእንግዲህ ቤንዚኑ እርሳስ አይገባበትም፤
እርሳስ የሌለው ቤንዚን ደግሞ ብዙ ሲታፈን አይታገስም።»

«ቆይ፣ ለዚህ ነው እንዴ መቶ አምስት ፈረስ?»
«ለዚህ ሠላሳው ይሄዳል። የቀረውን ስማኝ፣ ታገስ።
የቀይዋን ሲቆጥሩ ሞተሩ ራቁቱን ነበር፣
ያለ ቬንትሌተር፣ ያለ ማርሚታ፣ በብረት አልጋ ላይ ሲበር።
ይቺን ግን ከነሸክሟ ነው ቆጣሪው የቆጠራት፣
ጭሷ በማርሚታ ታንቆ፣ ቀበቶው ሲጎትታት።
ፈረስ ከጋጣ ሲወጣ ሌላ ነው፣ ከነኮርቻው ሌላ፤
ብዙ የጠፋ የለም፤ የዞረው የቆጠራው መላ።»

«መንገድ ይፍረደን!» ብሎ ተነሣ ወንድያለው።
እሁድ በጠዋት፣ ከሮቢት እስከ ጣርማ በር ነው።
ቆላው ግሎ፣ ቤንዚኑ ከፍቶ፣ ቀይዋን አመማት፤
ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ጠጠር ሲወቀጥ ሰማሁባት።
ሰማያዊዋ ቅቤ ሆና፣ ሳታጉረመርም፣ ሳትስል፣
ጥላን ሄደች፤ ወንድያለው በመስኮት «ደህና ሁኑ» ሲል።

አርማኒያ ላይ ጠጠሩ ላላ። ደብረ ሲና፣ ጠፋ።
አየሩ ሲሳሳ ቀይዋ ነቃች፤ ደረቷ ሰፋ።
ስስ አየር አጥብቀው ቢያፍኑት አያንኳኳም፤
ያ የጠበበ ቤቷ ደጋ ላይ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።
ከዋሻው በታች፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ሰማያዊዋን አገኘናት፤
ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚን በዝቶባት፣ አየር አንሷት።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቅዳሜ ማታ፣
ጋሼ የቀይዋን ጂግለር በጠባብ ሲተካ፣ ሳይሰማ ኮሽታ፣
መብራቱን የያዝኩ እኔ ነኝ።
ለደጋ አሰናዳት፤ ሰማያዊዋን አልነካም።
ሚዛን ያዥ ሁሉ እጁ ትንሽ ሳይከብድ አይለካም።

ዛሬ ጋሼ ሰማንያ አልፎታል። የጋራዡን ሦስት ደረጃ
ሲወጣ ያርፋል፤ ትከሻዬ ነው መያዣ።
«ደከምክ» ይሉታል ልጆቹ፤ «የት አለ ያ ጉልበት?»
«ድሮ ራቁቴን ነው የቆጠራችሁኝ፤ ዛሬ ከነዕዳዬ፣ ከነቤት።»

ሰማያዊዋ ከጓሯችን ቆማለች፣ ባለቤቷ ሞቶባታል፤
ዶሮ መቀመጫዋ ሥር እንቁላል ይጥልባታል።
አንዳንድ ቀን መብራት አስይዞኝ ኮፈኗን ይከፍታል፤
ጂግለሯን አውጥቶ፣ ቀዳዳውን በብርሃን ያያል፣
ጠባቡ ኪሱ ውስጥ አለ፤ አውቃለሁ፤
ያንኑ ሰፊውን መልሶ ያስራል።