አንዴ ብቻ

ከሌሊቱ ስምንት ነው፤ ከቢሮው ጣሪያ ላይ
የሰኔ ዶፍ ዝናብ ቆርቆሮ ሲያሰቃይ፣
ከጥቁሩ መስኮት አንድ ቀይ መስመር ወጣ፣
«ይህ ሴሽን ሮጧል» አለኝ እንደ ቁጣ፤
«የሮጠው ተጽፏል፣ ከቶ አይረሳም፤
ሌላ ክፈት እንጂ ያው ዳግም አይነሳም።»

መብራት እልም ሲል ከቆጪ እስከ መንቲና
ኔትወርኩም ተከተለው፣ ብቻ አይሄድምና፤
አምስተኛው ኖድ ግማሽ ፋይል ጎርሶ፣
አልዋጠው፣ አልተፋው፣ ቀረ አንገት ቀልሶ፤
ስድስተኛው ቆሟል ተራውን ጠብቆ፣
ባጃጅ እንዳጣ ሰው ጃንጥላ ሰብቆ።

ሥራው እንኳ ቀላል ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር
ባለ ቁጥር እንጨት ቆሟል እንደ ማገር፤
አባ ዋሪ ያነባል ጠዋትና ማታ፣
ቁጥሩን ይልክልኛል ከነሰላምታ።
ሁለተኛው ኖድ ነው ሰላምታውን የሚገፍ፣
«አካም ቡልቴ»ን ጥሎ ቁጥሯን የሚያሳልፍ፤
ሦስተኛው ሜትሩን ከሴንቲ ይለያል፣
አራተኛው ከአምናው ጋር ያስተያያል።

ታዲያ ሩጫ ሁሉ የራሱ ስም አለው፣
ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ሰከንድ የቀጠለው፤
ማን እንደጀመረው፣ በየትኛው ኮድ፣
በምን መለኪያ፣ በየትኛው መንገድ፤
ሲከፈት ይጻፋል፣ ሲዘጋ ይጻፋል፣
ቢወድቅም ግድ የለም፣ መውደቁም ይተርፋል።

ይኼው መትረፉ ነው እኔን ያስጨነቀኝ።
ልሰርዘው አልኩኝ፣ ማንስ ሊጠይቀኝ?
ማህደሩን ከፈትኩ፣ ወደ ኋላ ሄድኩኝ፤
ሚያዝያ፣ ጥር፣ ኅዳር። የአምናው ሐምሌ ላይ ቆምኩኝ።
«ነዚፋ» ይላል። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ተከፈተ።
ሁለት ሜትር ከሰማንያ።
ከዚያ ወዲያ ምንም።
አልተዘጋም።

ያን ሌሊት አባ ዋሪ በየሰዓቱ ይልክ ነበር፤
ሰላምታው ሲቀር ነው ነዚፋ የገባት ነገር።
ላፕቶፑን እንደበራ ጠረጴዛ ላይ ጥላ፣
ቁልቁል ሮጠች አሉ፣ ጫማዋን አንጠልጥላ፤
የሽማግሌውን ፍራሽ፣ ራዲዮ፣ ሁለት ደብተር
በራሷ ተሸክማ ስታሻግር፣ ስታሻግር፣
እዚህ ፕሮግራሙ ክፍት አፉን ይዞ አደረ፣
ማን እንደሄደ ሳያውቅ፣ ማን እንደቀረ።

ዛሬ ነቀምት ናት። ስሟ ግን እዚህ አለ፣
ካልተዘጋ መስመር ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ።

አባ ዋሪም በደብተሩ ለዚያች ጠዋት
አንዲት ሰረዝ ብቻ ነው ያሰፈረላት።
«በግምት ቢሞሏትስ?» ብለው አንድ ቀን፣
«ያላየሁትን ውኃ?» ብሎ አየኝ፣ አዘነልኝ መሰለኝ።

እጄን ከመሰረዣው ቁልፍ ላይ አነሳሁ።
የእኔም ውድቀት ይቀመጥ፤ ከስሜ ጋር፣ ከነሰዓቱ።
አዲስ ከፈትኩ፦ ዘጠኝ ከአሥራ አንድ።
አምስተኛው ዋጠ፤ ስድስተኛው ባጃጁን አገኘ፤
በሩን ዘጋሁት፣ መዝጊያው ተጻፈ፣
ዝናቡ ግን አላባራም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ተንጫጫ፦
«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? አንድ ሜትር ከአርባ።»
ሁለተኛው ኖድ ሳይነካው፣ አንዴ ብቻ፣
ሙሉውን አነበብኩት።