ሦስተኛውን ያዢ

ቅዳሜ ነው፣ ማርቆስ፣ ከገበያው ኋላ፤
አንዲት ያረጀች ፕራዶ፣ አንድ ምላሰኛ ደላላ።
እኔ የከብት ሐኪም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
በሬን በጥርሱ እንጂ በደላላ ቃሉ
ገምቼ አላውቅምና
ኮፈኗን ከፈትኩት፣ እንደ አፍ፣ ወደ ላይ፤
ጎማዋን ረገጥኩኝ ሸሆናዋን ላይ።

ነጭ ነበረች አሉ፤ ዛሬ መልኳ የጓያ ክክ፤
ቁጥሯ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ልክ።
«ኪሎ ሜትር ምንድን ነው?» አለኝ ቢያድግልኝ፣
«መንገዱን ታውቀዋለች ማለት ነው፤ እመነኝ!»

እንዳላማው መካኒኩ አጠገቤ ተጠጋ፤
ቁልቁል ነዳናት፣ መስኮት ከፍተን፣ ወደ ጨሞጋ።
አንደኛ ገባ። ሁለተኛም ሰተት አለ።
ሦስተኛውን አስገብቼ ነዳጁን ብቀንስ
«ጓ!» ብሎ ዘንጉ ወደ ባዶ ሲመለስ፣
እንዳልተገራ ወይፈን ቀንበሩን ሲገረስስ፣
እንዳላማው ዝም አለ።

ከሥሯ ተንጋሎ ገባ፤ በጣቱ ዘይቷን ነክቶ
አሸተተ፤ በባትሪው ብርሃን ወደ ዓይኔ አስጠግቶ
ብናኙን አሳየኝ፣ እንደ ብር የሚያበራ።
«የራሷን ጥርስ እያኘከች ነው የምትሠራ።
ዕቃው አዲስ አበባ ቢገኝም እሳት ነው ዋጋው።
አንተ በሽተኛ በሬ ትገዛለህ?» አለኝ እንዳላማው።

አልገዛም። እውነቱን ነው።
ግን ያን ነሐሴ፣ ሞተር ሳይክሌ ጥቁር አፈር ውስጥ ስትሰምጥ፣
የበረዶ ሣጥኔ ተፈንክቶ ክትባቱ ሲገለበጥ፣
የወይዘሮ ጥሩዓለምን ላሞች፣ አራቱንም፣ አባ ሰንጋ ጣላቸው፤
እኔ የደረስኩት በማግስቱ፣ ሲደፈን ጉድጓዳቸው።
አልወቀሰችኝም። እግርህ ጭቃ ነው ብላ ውኃ አመጣች፤
በሩ የተከፈተውን ባዶ በረት አንዴም ዞራ አላየች።

ደላላው ሲምል፣ ሲገዘት፣ በጣቱ ሲቆጥር
ባለቤቱ አቶ ገዳሙ፣ ጡረተኛ ሾፌር፣
ወደ ጎን ሳበኝና
«አልዋሽህም» አለኝ፣ «ሦስተኛው ይወጣል።
ሰባት ዓመት በጉልበቴ ደግፌ ነው የያዝኩት፤ ይኸው!»
ቀኝ ጉልበቱ ላይ ሱሪው ሳስቷል፤
ብርሃን ያሳልፋል።

ስንቱን አይቻለሁ! ስንቱን የተሞረደ ቀንድ፣
የተቀባ ጠባሳ፣ በጨው ውኃ የተነፋ ሆድ!
ሕመሙን የሚናገር ሻጭ ግን ያንለት ነው ያየሁ።
መቶ ሺህ አስቀነስኩ። ቀብድ ከፈልኩ። ፈረምኩ። ገዛሁ።
እንዳላማው የመፍቻ ሣጥኑን ዘግቶ
«ስልኬን ታውቀዋለህ» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ደጀን፤ ጉሙ ከዓባይ አፋፍ ሳይነሣ
መውረድ ጀመርን፤ ባለቤቴ የሻረግ፣ የበረዶ ሣጥኑ፣
አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ሞተሩ ቁጣ ቢያነሣ።
«ሦስተኛውን ያዢ» አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ እጇ ላይ ጠቀለለች፤
ዘንጉን እንደ እልኸኛ ጥጃ ግንባር ወደ ፊት ገፋች።

ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር፣
ሰው ፊት እጄን ነክታ አታውቅም፤ ነውር ነው ባገር።
መታጠፊያው ላይ እጄ እጇ ላይ ሲያርፍ
የከባድ መኪና ሾፌር ጡሩንባ ነፋልን ሲያልፍ።
«ዓይንህን መንገዱ ላይ!» አለች፤ ሳቋ ግን አመለጣት።
ፍሬኑ ሸተተ። ዝንጀሮዎቹ ከድንጋዩ ላይ ታዘቡን።

ከድልድዩ ማዶ ጥግ ይዘን ስንቆም መዳፏን ዘረጋችው፤
የማርሹ ቁጥሮች ታትመውበታል፣ ሦስት ተገልብጦ።
«ሽቅቡንስ?»
«ሽቅብ ጭነት ስለሚኖርባት አትዘልም።»
«እንዳንተው ናት በለኛ» አለች፣
«ሥራ ስትፈታ ነው የምታስቸግር።»

ስልኬ ጮኸ። እንዳላማው ነው። «የት ደረሳችሁ?»
«ከድልድዩ ማዶ፤ ቆመናል።»
«ሞተች?»
«የለም። የሻረግ እጇን እያፍታታች ነው።»