ፍንጭት

ሙሐረቅ። ዓርብ ጠዋት። ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ሦስተኛ ፎቅ፤ ጄሶ ያለበሰኝ ነጭ ካባ፤
ጥርስ እሠራለሁ።
ሲጠሩኝ ባለሙያ፣ ሲከፍሉኝ ረዳት ነኝ፤
አፋቸውን አውቃለሁ፣ ፊታቸው አያውቀኝ።
ቅኔ ቤት የሚወራለትን ሰም በእጄ አቀልጣለሁ፤
ወርቁን ሌላ ሰው ይስቅበታል፣ እኔ ትቢያውን እጠርጋለሁ።

ዶክተር ባስካራን ሙያውን ሲያስይዘኝ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦
መጀመሪያ የበሰበሰው ይውጣ።
ብስባሽ ላይ የተሞላ ወርቅ፣ በሽታ ነው ያማረ።
ጤነኛውን አትንካ፤ ከነካህም በስስት።
አንዷ በጸጉር ብትረዝም፣ መንጋጋው ሁሉ
እንቅልፍ ያጣል ሌሊት።
ቀለም በአምፖል አትምረጥ፤ መስኮት ክፈት፣ ጠብቅ ቀን፤
አምፖል ያባብልሃል። ፀሐይ ግን…
ብሎ ወደ ውጭ አየ።
የሙሐረቅን ፀሐይ ማን ይጨርሰዋል በቃል!

ሙንተሃ የመጣች ዕለት እጇ አፏ ላይ ነበር።
ከሪፋ፣ በአውቶቡስ፣ በወር አንዴ በምታገኛት ዕረፍት፣
ሳቋን ደብቃ እንደ ነውር።
«ከመሰላል ወደቅኩ» አለች። መሰላሉን አልጠየቅኩም።
ባስካራንም አልጠየቀም።
እዚህ ጥርስ እንጂ ምስክር አንሠራም።

«ድልድይ ነው» አለ። «ግራና ቀኝ ያሉትን እንሞርዳለን፤
የጠፋችውን መሃል ላይ አሸክመን እናስራለን።»
ተረጎምኩላት።
ዝም አለች፤ ከዚያ፦
«የቆሙት ምን አጠፉ፣
ለወደቀችው ተብሎ ከነነፍሳቸው የሚቀረፉ?
እኔ አውቀዋለሁ መሞረድን።
ሁለት ወንድም፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት ተሸክሜ
ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ።
ተነቃይ ይሁንልኝ። ማታ አወልቄ አስቀምጠዋለሁ።»

ስልኳን ከፈተች። ሐርቡ፣ የአክስቷ ልጅ ሰርግ፤
ወረቀት ሃያ አምስት ያላት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ
አንገቷን ሰበር አድርጋ ስትስቅ።
በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሃል
ያቺ ቀጭን በር።

ባስካራን አየና ደስ አለው፤
«ክፍተቱንም በዚያው እንዘጋዋለን!»
ይቺን አልተረጎምኩም።
«ዶክተር፣ እኛ ጋ ይሄ ጉድለት አይደለም» አልኩት።
ስሙን በዐረብኛ ፈለግኩ። አጣሁ።
በእሱ በማላያላም ማን ይነግረኛል?
«እናቷ በዚህ ነው የምታውቃት» ብዬ ተውኩት።

ሌሊቱን ሠራሁ።
ጥርስ በሰም መቅረጽ ቀላል ነው፤ አየር ግን በምን ይቀረጻል?
ምን ያህል ባዶ ይበቃል?
የግማሽ ዲናር ኖት አወጣሁ፤
ሦስቴ አጠፍኩ፤ ሻጥ አደረግኩ፤ ልክ ገባ።
ድዷ ተነቅሷል፤ የቆርቆሮው ዱቄት ግን የሚያውቀው ሮዝ ብቻ።
ትንሽ ሰማያዊ፣ ትንሽ ቡናማ፣
እንደገና ሰማያዊ፣
እስኪጠይም።

በሚቀጥለው ወር መጣች። አስገባች። ቀዩን ወረቀት ነከሰች።
አንዲት ነጥብ ሞረድኩ።
መስተዋት ሰጠኋት፤ ወደ ጭኗ ገለበጠችው።
በምላሷ ዳሰሰች፣
መብራት በጠፋበት ማታ
ሰው የራሱን በር መቀርቀሪያ እንደሚፈልግ።
«አንድ ነገር ተናገሪ» አልኳት።
«ሰዒድ» አለች፣ የታናሽ ወንድሟን።
ነፋስ ሾልኮ ወጣ፤ ስሙ መጀመሪያው ላይ አፏጨ።
ልስተካክለው ብዬ እጄን ስዘረጋ
«ተወው» አለች፤ «ሰዒድን ስጠራው እንዲህ ነበር።»

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፤ ልብ እያዘነ ይስቃል።
የእሷ ጥርስ አልሳቀም።
አመሰገነችኝ፣ መሐረቧን አስተካከለች፣
አውቶቡሷ እንዳያመልጣት በደረጃው ሮጠች።

ደረሰኙ ላይ «አንድ ጥርስ» ብዬ ጻፍኩ።
ለፍንጭቱ መስመር የለውም።
ከዚያ ወደ ሐጂ ጁምዓ መንጋጋ ተመለስኩ፤
ሙሉ፣ የላይና የታች፣
ቴምር እስከ ፍሬው ሊያኝክበት ያዘዘው፣
መደርደሪያው ላይ፣ ያለ ሰው፣
ሲስቅ አደረ።