ጉልበት የማትደርስ ባቡር

ኢድሪስ ነው ስሙ፤ መስጊድ ግን አያውቅም፣
በዌልስ ተራሮች ስሙ ብርቅ አይደለም፤
ዝናብም እንደዚያው፤ ሳምንት ቢያካፋ ቀና የሚል የለም።
ከጓሮው አንዲት ደሳሳ፣ ክዳኗ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣
አንድ አምፖል፣ አንድ ቶርኖ፣ ሞርሳ ከጠረጴዛው ላይ።

አርባ ዓመት በድንጋይ ካባ ባቡር ሲጠግን ኖረ፣
ጥቀርሻው ከጥፍሩ ሥር ሳሙና ንቆ ቀረ፤
ካባው ሲዘጋ ሐዲዱን ነቅለው በኪሎ ሸጡት፣
እሱንም በአንድ የግድግዳ ሰዓት ሸኙት፤
በማግስቱ ሰዓቱን ሽጦ ሞርሳውን ገዛበት።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብትለው ሚስቱ ሜና፣
«አንድ ክረምት» አላት፣ አንገቱን ሳያቀና፤
የትኛው ክረምት እንደሆን አልነገራትምና
አሥሩ አለፈ።
ልጃቸው ተዳረች፤
የልጅ ልጅ ጥርስ አበቀለች፣ ጥርስ ነቀለች፤
ባቡሯ ግን ገና እግር አላወጣች።

መዳቡን በእሳት ማቅላት፣ ከውኃ መንከር፣ ማጠፍ፣
በብር ብየዳ ማጋባት፣ ስፌቱን በጣት ማለፍ፤
ፒስተኗ አውራ ጣት፣ ፊሽካዋ የእርሳስ ጉማጅ፣
መንኮራኩሯ ቶርኖ ላይ ፀጉር ፀጉር ሲላጭ፤
በአንድ ጎን መቶ ሃያ ሪቬት። አንዷ ዘመም ብትልም፣
«ማን ያያታል?» ትላለች ሜና።
«እኔ አለሁ» ይላል እሱም።

አንድ ማታ ከጣቱ ብሎን አመለጠችው፣
ከተልባ ፍሬ አትበልጥ፤ ወለሉ ዋጣት፣ ጨለማው።
ተንበርክኮ ማግኔት ጎተተ ከጥግ እስከ ጥግ፤
ምስማር መጣ፣ ብናኝ መጣ፣
እሷ ግን ነሐስ ናት፤ ማግኔት ቢጠራት አትሰማ።
ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤
ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውንም አያውቅም።
ሌላ ቀረጸ በምትኳ። አንድ ሙሉ እሑድ በላችበት።

ሜና ግን አንድ ነገር ልብ አለች ኋላ ኋላ፦
ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ይፈታና ይላል «ሌላ»።
አረንጓዴው ከደረቀ በኋላ «አልጠራም» ብሎ ፋቀው፤
ሦስት ፀጉር ባላት ብሩሽ ያሰመረውን ቢጫ፣ በነጋታው በጨርቅ አጠፋው።
ጓደኛው ኤምሪስ የራሱን ጨርሶ ወር አልቆየም።
ሜና ይህን ታውቃለች። አትጠይቅም።
ሻዩን ከሞረዶቹ መሀል ታኖርና ትወጣለች።

በአሥራ ዘጠነኛው የክበቡ መርማሪ ግሌኒስ መጣች፣
ፓምፕ ይዛ፣ መዝገብ ይዛ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ገባች፤
ቦይለሩን ውኃ ሞልታ ግፊቱን እጥፍ አደረገች።
ሃያ ደቂቃ።
ሦስቱም ወደ አንዲት መርፌ አፈጠጡ፤ ንቅንቅ የለም፤
ከስፌቱ አንዲት እንባ፣ አንዲት ላብ እንኳ አልወጣም።
«አልፋለች» ብላ ፈረመች።
ኢድሪስ ወጥቶ ያለ ኮፍያ ዝናብ ውስጥ ቆመ።

ከሰሉን በመዶሻ ሽምብራ አሳክሎ ሰበረ፣
ጭራሮ አስገብቶ፣ ክብሪት ጭሮ፣ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፤
መጀመሪያ አጉረመረመች። ቆይታ ተነፈሰች።
ከዚያ ጉልበት የማትደርስ ባቡር፣
ሰማንያ አምስት ኪሎ ሽማግሌ፣
ከኋላው ሜናን ከነጃንጥላዋ፣
ከፖም ዛፎቹ መሀል ይዛቸው ሄደች።
ፊሽካዋን ሲስባት፣ የጎረቤት በግ ሣር አፉ ውስጥ እንዳለ ቀና አለ፤
ሜና ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ጃንጥላው ተገለበጠ።

ማታ ደሳሳው ባዶ ነው።
የሚሠራው ቢያጣ መጥረጊያ አነሣ።
ከሞርሳው እግር ሥር፣ ከሲሚንቶው ስንጥቅ፣
ብልጭ አለች።
ዘጠኝ ዓመት እዚያው።
መዳፉ ላይ አገላበጣት፤ ጥርሷ እንደ ሾለ ነው፣
ቦታዋ ግን ተይዟል።
በሸሚዙ ኪስ ከተታት፣ ቆልፎም በእጁ ዳበሰው።

«እራት ቀዘቀዘ!» አለች ሜና ከወጥ ቤት።
«መጣሁ» አላት፣
እርሳስ እየቀረጸ።